ጠብቆ ነው ላልቶ?

ዲሴምበር 9፣ ሰኞ

መኪናዋ ዛሬም አልነሳም አለች። በአራተኛው ሙከራ ተነሳች። ፋርመርስ ብራንች መጋዘኑ ስደርስ ሰባት ደቂቃ አርፍጃለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አላየም። ጥሩ።

ቀኑን ሙሉ ሌብል። ካርቶን ይመጣል፣ እለጥፋለሁ፣ ይሄዳል። መጋዘኑ ውስጥ ያለችው ሬዲዮ የድሮ ዘፈን ጣቢያ ላይ ከተተከለች ቆየች፤ የሚነካት የለም። ከምሳ በኋላ የሦስት ሴት ልጆች ዘፈን መጣባት። ከድሮዎቹ፣ እኛ ልጅ ሳለን ከነበሩት። አስተዋዋቂው ስማቸውን ሲናገር ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ጮኸ፣ አልሰማሁም። አንዷ ትመራለች፣ ሁለቱ ከኋላ ኡ-ኡ እያሉ ያጨበጭባሉ። እጄ ቀጥ አለ። አራት ካርቶን ያለ ሌብል አለፈኝ። ሱፐርቫይዘሩ አሁን አየኝ።

እኔ ከኡ-ኡዎቹ ነበርኩ። ስለሱ ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቤት ስገባ የስልኩ መልእክት መቀበያ ቀይ ያበራል። ሄኖክ የሚባል ልጅ፣ ከኮሚኒቲው። "እማማ ትርሲት" ይለኛል። እማማ! አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እማማ አያቱን ይበል። ጃንዋሪ 11 ቅዳሜ ጋርላንድ አዳራሽ ተከራይተዋል፣ የገና ፕሮግራም አለ፣ ሶ "ገና ነው"ን ራሴ ቆሜ ብዘፍንላቸው ትልቅ ክብር ነው። ዘፈኑን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዘፋኟ እዚሁ ዳላስ ሌብል እንደምትለጥፍ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ማን ነገረው? የገዛ ልጄ። ቤቲ ኮሌጅ አብራው ትማራለች፤ የድሮ ካሴቴን አግኝታ ኖሮ አፏን ከፈተች። ጮህኩባት። ምን አጠፋሁ ማሚ ብላ አለቀሰች። ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁስ እኔ ነኝ።

ሄኖክን ኮል አድርጌ እምቢ አልኩ።

ዲሴምበር 11፣ ረቡዕ

ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አልነገርኩሽም፣ ደብተሬ። ማን ይሙት፣ አንቺም አልጠየቅሽኝም።

ሦስት ነበርን። ምንትዋብ፣ ሶስና፣ እኔ። ሶስና የሰፈር ልጅ ናት። ምንትዋብና እኔ አንድ ግቢ፤ እነሱ ትልቁ ቤት፣ እኛ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ተከራዮች። በዚያ ጊዜ ሴት ዘፋኝ ማለት በወንዶች ባንድ መሃል የቆመች አንዲት ሴት ናት። ሦስት ሴት፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ አንድ ዓይነት እርምጃ፣ በሰፈራችን ማንም አላየም። ቀሚሱን ከአንድ የአሜሪካ ሸክላ ልባስ ላይ አይተን ነው ያሰፋነው። ጉልበት ላይ የቆመ፣ ወገቡ ላይ ሪባን። የሶስና አባት የእሷን በመቀስ ተረተሩት። ሌላ አሰፋን። መሪዋ ምንትዋብ፣ ድምፁ የእሷ፣ ግጥሙ የእሷ። እኔና ሶስና ኡ-ኡ።

ያወጣነው ሸክላ አንድ ብቻ ነው። "ገና ነው"። የመራሁት ግን እኔ። እንዴት እንደሆነ ሰው የሚያውቀውን ልንገርሽ። ዳላስ እስክመጣ ድረስ እኔው ራሴ በየሰርጉ እያወራሁ ሰው ያሳቅሁበትን።

ምንትዋብ የጻፈችው ላልቶ ነው። ጊዜው አልደረሰም፣ ቆዩ፣ ማለቷ። "ሰሃኑን አታንሱ፣ ገና ነው። በሩን አትዝጉ፣ ገና ነው። ይመጣል።" የቀረጻው ቀን ቶንሲል ጣላት፣ አልጋ ላይ ዋለች። እኔ ከወረቀቱ አነበብኩ። አጥብቄ። በዓሉን! ሰሃኑን አታንሱ፣ በዓል ነው። በሩን አትዝጉ፣ በዓል ነው። ይመጣል፣ እንግዳው። ፊደሉ አንድ፣ ምን ታደርጊዋለሽ። ባንዱ ጭብጨባ ጨመረበት፣ ሬዲዮ ወሰደው፣ አገር ጨፈረበት። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር እስካሁን ይጨፈርበታል። ትርሲት ስታነብ ተሳስታ ነው ይባላል። ይሳቃል። እኔም እስቃለሁ።

ሰው የሚያውቀው ይሄን ነው።

አየሽ፣ አንቺ ላይ ስጽፈው እንኳ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ግማሽ ቀን ኦቨርታይም። ከዚያ የሐበሻ ግሮሰሪ፣ ሽሮና ዘይት። በሩ ላይ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ሄኖክ። እጁ ሙሉ ወረቀት፤ ወረቀቱ ላይ ስሜ። እምቢ ያልኩት ልጅ ስሜን በቀይ ቀለም አሳትሟል! እንደሚስማሙ እርግጠኛ ነበርኩ እማማ ይለኛል። ድፍረቱ ደስ ይላል እንዳልል ጥርሴን ነከስኩ።

ቀጥሎ ሰርፕራይዝ ነው ብሎ የደበቀውን መያዝ አቃተው። ምንትዋብንም አግኝተናታል አለ። እዚሁ ዋይሊ ናት፣ ሦስት ዓመት ሆናት። ልጇ አዲስ ቤት ገዝቶ፣ ከእሱ ጋር። ኩላሊቷ ሞቷል፣ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ትውላለች። ከቻለች በዊልቸር አምጥተው ፊት ወንበር ያስቀምጧታል፣ እኔ መድረክ ላይ፤ እንዴት እንደሚያምር አስቡት ይላል። ዘይቱ ከእጄ ወደቀ። ፕላስቲክ ነው፣ አልተሰበረም። ልጁ አንስቶ መኪናዬ ድረስ ተሸከመልኝ።

ሦስት ዓመት ዋይሊ። ከዚህ አርባ ደቂቃ።

ሶስናን ካርቱም ቀብሬያታለሁ። ምንትዋብን ግን የት ገባች ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሆን ብዬ። እንዳይነግሩኝ ከኮሚኒቲውም ከሰዉም ራቅሁ። ከዚህ ወዲያ ም. ነው የምላት፣ ደብተሬ። ሙሉ ስሟን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ዲሴምበር 15፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። በምን ዓይኔ።

ደብዳቤ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። ለም. አራት ወረቀት ቀደድኩ። "ያን ቀን ገና ያልኩት ገና ለማለት ፈልጌ ነው እንጂ ገና መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።" አንብቢው እስቲ። ምን ገባሽ? ምንም። በጽሑፍ የማይሆን ይቅርታ የእኔ ብቻ ነው። በአፍ ካልሆነ አይሆንም።

እንግዲህ አንቺ ስሚው። ቀድመሽ።

አልተሳሳትኩም።

ም. ወንድም ነበራት፣ መስፍን። አስተማሪ። ለሁለት ሳምንት ብሎ በጭነት መኪና ወደ ቆላ ወረደ። ሬሳም ወሬም የለም። እናትየው እትዬ በላይነሽ እራት ሲቀርብ የእሱን ሰሃን ያስቀምጣሉ። በልተን ስንጨርስ ሠራተኛዋ ሰሃኑን ልታነሳ ስትል፣ በሩን ልትዘጋ ስትል፣ ም. እጇን ትይዛታለች። ገና ነው ትላለች። ላላ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ እናቷን እያየች። ስንት ማታ ሰማሁት! እዚያው ገበታ ላይ ነበርኩ። እትዬ በላይነሽ እኮ ከልጃቸው እኩል ነው ያጎረሱኝ። ያንን ነው የገጠመችው። ከወረቀት ማንበብ ያስፈልገኛል እንዴ?

የቀረጻው ቀን። ባንድ መሪው ጋሽ ተፈራ ወረቀቱን ገለበጠ፣ ገለበጠና፣ ይቺ ገና ጠብቆ ነው ላልቶ አለኝ። ከላላ የሐዘን ነው፣ መሪዋ እስክትድን ሳምንት እንጠብቅ። ከጠበቀ ግን የበዓል ነው፣ በዓሉ ሳያልፍ ዛሬውኑ እንቅዳው፣ አንቺ ምሪው። እንዲህ ነው ያለኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ኡ-ኡ ማለት ሰልችቶኛል። የሰርቪስ ቤት ልጅ መሆን ሰልችቶኛል።

ጠብቆ ነው ጋሼ አልኩት።

ሶስና ዞር ብላ አየችኝ። እሷም ታውቃለች። አጨበጨበች።

ዘፈኑ በወጣ በሳምንቱ እትዬ በላይነሽ ከጎረቤት ሬዲዮ ሰሙት። የልጃቸው ግጥም መሆኑን ያውቃሉ። ሰሃኑን አታንሱ፣ በሩን አትዝጉ፣ ይመጣል፣ በዓል ነው። ለገና ይመጣል ማለት ነው ብለው ተነሱ። ምንቴ የሰማችው ነገር አለ፣ ሳትነግረኝ ነው አሉ። ም. አይደለም እማዬ ብትል ማን ይስማት። ዶሮ ገዙ፣ ክፍሉን አስጠረጉ፣ አንሶላውን ራሳቸው አጠቡ። የገና ዕለት ከንጋት ጀምሮ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ደጃፍ ተቀምጠው ዋሉ። ሲመሽ ራሳቸው ተነስተው ዘጉት። ሰሃኑንም ራሳቸው አነሱት። ከዚያ ወዲያ ሰሃን አስቀምጡ አላሉም፣ ከአልጋም እምብዛም አልተነሱም፣ ፋሲካን አላዩም።

ዶሮውን እኔም በልቻለሁ።

ም. ምን አለችኝ መሰለሽ? አቅፋኝ፣ አታልቅሺ ትርስዬ፣ ስታነቢ ተሳስተሽ ነው፣ ማንም ይሳሳታል አለችኝ። ይቅር አለችኝ። ለስህተቱ። ስህተት አልነበረም። እሷ ከዚያ በኋላ ዘፍና አታውቅም።

ሶስና ካርቱም ስትታመም፣ መጨረሻ አካባቢ፣ ንገሪያት አለችኝ። እሺ አልኳት። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።

ዲሴምበር 19፣ ሐሙስ

ሱፐርቫይዘሩ ሰሞኑን ምን ሆነሻል አለኝ። ጥርሴን ያመኛል አልኩ። ውሸት እንደሆነ እንዲህ ይቀናኛል።

ቤቲ አኩርፋኝ ሰነበተች። ዛሬ ሩዝ ሠርታ ጠበቀችኝ፣ የጾም። ይህችን ልጅ በደልኳት። ስለ ዘፈኑ ንገሪኝ አለች፤ ነገርኳት፣ ሁሉንም አይደለም። የተሳሳትኩትን። ገና እና ገና ብዬ አሳየኋት። ደግሚው አለችኝ። ደገምኩ። ማሚ፣ ሁለቱም እኮ ሴም ናቸው አለች። አይደሉም፣ ስሚ አልኳት፣ አንዱ ላይ ምላስሽ ይቆያል። ሞከረች። ገና። ገና። ሁለቱንም መሃል ላይ አለቻቸው፣ አልጠበቁ አልላሉ። እዚህ አገር ያደጉ ልጆች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ጆሮዋ አይሰማውም፣ ምን ታድርግ። ሳቅን። ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር።

ኋላ ሳስበው ከፋኝ። ያን ሁሉ ነገር የቀየረው በልጄ ጆሮ እንኳ የማይገባ ነገር ነው። አንድ ማጥበቅ።

የም.ን ስልክ ቁጥር ሄኖክ ለቤቲ ሰጥቷታል። ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው። ውኃ ልጠጣ ስሄድ ያየኛል።

ዲሴምበር 25፣ ረቡዕ

የፈረንጅ ገና። ሥራ ዝግ። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ትራፊክ መብራቱ ለማንም ይበራል ይጠፋል።

ደወልኩ።

ሦስት ጊዜ ጠራ። የወንድ ድምፅ፣ ሄሎ፣ መስፍን ነኝ። ስልኩን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። በስመ አብ! ለካ ልጇ ነው። በወንድሟ ስም ሰይማዋለች። ስሜን ስነግረው ኦ ማይ ጋድ፣ አንቲ ትርሲት አለ። የማያውቀኝ ልጅ አንቲ አለኝ። አንቺ ይለኛል፣ አንቱታ አያውቅም። እማማ ከሚለኝ ይሻላል።

ም. መጣች። ድምፁ አርጅቷል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። ትርስዬ አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ትርስዬ ብሎኝ አያውቅም። አለቀስኩ፣ እሷ ሳቀችብኝ። ስለ ማሽኑ ነገረችኝ፤ ደሟን አውጥቶ አጥቦ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ቀኑን እንቅልፍ ነው። ስለ ሶስና ጠየቀችኝ። አዳራሽ ቆመሽ ልትዘፍኚ ነው አሉ፣ ብሞትም መጥቼ እሰማለሁ አለች። እምቢ ማለቴን አልነገሯትም። እሺ አልኩ። ለእሷ እንዴት እምቢ ይባላል።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እምልሻለሁ ደብተሬ፣ ከፈትኩ። ያን ጊዜ የተሳሳትኩት ነገር ብዬ ጀመርኩ። ቀደመችኝ። አንቺ ሞኝ፣ እስካሁን ያ ስህተት ያሳፍርሻል እንዴ አለች። እማዬ እኮ እንኳንስ ልትቀየምሽ፣ ልጅቷ ተሳስታ ነው ብዬ ስነግራት መርቃሽ ነው የሞተችው አለች።

መርቃሽ።

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ። ቤቲ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችብኝ።

ዲሴምበር 28፣ ቅዳሜ

ልምምድ፣ ሄኖክ ቤት ጋራዥ ውስጥ። ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ሃያ ዓመትም አይሞላው፣ ግን ጎበዝ ነው፣ ከቤቲ በተለየ አማርኛው የአገር ቤት ነው፣ በቅርብ የመጣ። ከበሮውን ከማሽኑ ለቀቀው፣ ዱብ ዱብ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

አላልቼ ልሞክረው ብዬ አሰብኩ። እስቲ አንድ ጊዜ። ሰሃኑን አታንሱ። ገና ነው። ድምፄ ወረደ። ልጁ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። እማማ፣ ተሳሳቱ፣ ጠበቅ ያድርጉት አለኝ፣ በትሕትና።

ያኔ የጠየቀኝ ጋሽ ተፈራ ነበር። አሁን የሚጠይቀኝም የለም። ስህተቱ ትክክል ሆኗል፣ ትክክሉ ስህተት።

አጠበቅሁት። ሄኖክ አጨበጨበ። አይ ትርሲት! ለጭብጨባ ስትይ ዛሬም።

ጃንዋሪ 3፣ ዓርብ

ትናንት ዋይሊ ሄድን። ሳትነግሪያት አትቅሪ ብዬ ለራሴ ምዬ። ከሥራ በኋላ ቤቲ ነዳችልኝ። አዲስ ሰፈር ነው፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ጡብ፣ በየደጁ አንድ አንድ ቀጭን ዛፍ በገመድ ታስሮ። ሁለት ጊዜ አለፍነው። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩን አገኘን። ቤቲ ፓርክ አደረገች፣ ሞተሩን አጠፋች።

ሳሎኑ መብራት አለው። መጋረጃው አልተዘጋም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ትከሻ ይታያል፣ ነጠላ የለበሰ፣ የትንሽ ልጅ የሚያህል ትከሻ። እሷ ናት።

ከመኪናው አልወረድኩም።

ብነግራት የመረቁኝን ሴትዮ ምርቃት አልቀበልም ማለት እኮ ነው። ከልጃቸው ላይ ደግሞ ያቺን አንዲት ነገር መንጠቅ ነው፣ ተሳስታ ነው የምትለዋን። ለእሷ ነው ለራሴ ነው የምነግራት? ለራሴ ከሆነ ይቅር። ታማ ተኝታ የእኔን ሸክም ለምን ትሸከም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያ ደቂቃ። ቆንጆ ምክንያት ነው፣ አይደል? ሐሳቤ ሁሉ እንዲህ ቆንጆ ነው፣ ፈሪ ስሆን።

እንሂድ አልኳት ቤቲን። መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ አልከፈተችም።

ጃንዋሪ 5፣ እሑድ

መስፍን ደወለ። ም. ማሽኑን አቁማለች። ሐኪም አይደለም ያቆመው፣ ራሷ ናት። በቃኝ አለች አለኝ፣ ድምፁ እየተሰባበረ። ያለ ማሽን ሳምንት፣ ምናልባት ከዚያ ያነሰ። አዳራሹ ቀረ ማለት ነው። ሶ፣ አንቲ፣ እዚህ መጥተሽ እንድትዘፍኚላት ትፈልጋለች። ገና ነውን።

የትኛውን አልኩት።

ምን ማለትሽ ነው የትኛውን አለኝ።

ጠብቆ ነው ላልቶ ያለችህ፣ አስታውስ እስቲ፣ እንዴት አድርጋ ነው ያለችው አልኩት። ጮህኩበት መሰለኝ። አንቲ፣ ገና ነው ነው ያለችው አለኝ ምስኪኑ፤ እንደ ቤቲ፣ መሃል ላይ። ይቅርታ ጠየቅሁት። እናቱ እየሞተችበት እኔ ሰዋስው እጠይቀዋለሁ።

ግን አውቃለሁ። ላልቶውን ነው። ያንን እኮ ማንም ዘፍኖት አያውቅም፣ ደብተሬ። አንድም ቀን። እሷ እንደጻፈችው ሆኖ በዚህች ምድር ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ጮክ ተብሎ አልተሰማም። በዚያ ገበታ ላይ ለእናቷ ቀስ ብላ ካለችው በቀር። እኔ ነኝ የዘጋሁበት።

ወይስ እኔ የምፈልገው እሱ ስለሆነ ይሆን?

ጃንዋሪ 6፣ ሰኞ

የገና ዋዜማ። ሥራ ገባሁ፣ ሌብል ለጠፍኩ። ያቺ ሬዲዮ ደግሞ እነዚያኑ ሦስት ልጆች አመጣችብኝ። ዛሬ ሁለቱን ከኋላ ያሉትን ብቻ አዳመጥኩ። ደህና ነበሩ እኮ። ያለ እነሱ ዘፈኑ አይቆምም። ኡ-ኡ ማለት ምን ነበረበት?

በብሬክ ሰዓት ሄኖክን ኮል አደረግሁ። ቅዳሜ የምዘፍነው ላልቶ ነው፣ ያለ ከበሮ፣ ከዚያ በፊትም ቆሜ የምናገረው ነገር አለ አልኩት። ሳቀ። እማማ፣ እሱማ ለቅሶ ይሆናል አለ። ይሁን አልኩ። ሰው እኮ ሊጨፍር ነው የሚመጣው አለ፣ ደንግጦ። እውነቱን ነው። ሌላ ሰው ካገኘህ አልቀየምህም፣ ስሜን ግን ከወረቀቱ አውጣው አልኩት። አስብበታለሁ አለ። ደህና ልጅ ነው።

ቤቲን ደግሞ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ሁሉንም። ሰሃኑን፣ ዶሮውን፣ ጋሽ ተፈራ የጠየቀኝን፣ የመለስኩትን። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም፤ እንደማታውቂው ሰው። ሶ ዋሽተሻል አለች። አዎ አልኩ። ተነስታ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆማ፣ ነገ ስንት ሰዓት ልንዳሽ አለችኝ።

ቀሚሴን ተኮስኩ። ነጭ አይደለም፣ ሰማያዊው። ሪባን የለውም እንጂ የያኔውን ይመስላል።

ጃንዋሪ 7፣ ማክሰኞ። ጧት

ሥራ ቦታ ኮል አድርጌ አልመጣም አልኩ። ጥርሴን አላልኩም፣ አመመኝ አላልኩም። አልመጣም ብቻ።

መስፍን ጋ ደወልኩ። ከኋላው ሰው ይንቀሳቀሳል፣ በር ይከፈታል። እየመጣሁ ነው አልኩት። አልረፈደብኝም ወይ አልኩት።

ገና ነው፣ አንቲ፣ አለኝ። አንድ ሰው ጠራው፣ ስልኩ ተዘጋ።

ገና ነው። በዚያ በአሜሪካ ምላሱ። አልጠበቀ፣ አልላላ። ጊዜ አለሽ ማለቱ ነው? ወይስ ዛሬ በዓል ነው አንቲ፣ በስልክ አታናግሪኝ፣ ዝም ብለሽ ነይ ማለቱ? መልሼ ልደውል እጄን ሰደድኩ። ጠብቆ ነው ላልቶ ልለው። እጄን መለስኩት።

ያኔ ጠይቀውኝ ለራሴ የሚመቸኝን መለስኩ። ዛሬ አልጠይቅም። ብትሰማኝም ባትሰማኝም እነግራታለሁ። ከዚያ እዘፍንላታለሁ፣ እሷ እንደጻፈችው። ዓይኗ ተከድኖ ባገኛትም እዘፍነዋለሁ።

ቤቲ ታች ሆርን አደረገች። የምለውን አንቺ ላይ ጽፌ ልይዝ ብዬ ነበር፣ ግን በጽሑፍ እንደማይሆን አይተሻል። ሳሎን ትቼሽ መሄዴ ነው።

ምንትዋብ። ይኸው፣ ሙሉውን ጻፍኩት።

ደግማ ሆርን አደረገች። ላልቶ ነው ብዬ ወጥቻለሁ። በሩን እንዳይዘጉት ብቻ።